ጠበቃ ያገኘ ሽንፈት፣ ጠበቃ ያጣ ሽንፈት

ዛሬ ስለ አንድ የሕግ ሰው ላወራችሁ ነው። የሕግ ሰው ስላችሁ ፊታችሁን እንዳታጨማድዱብኝ። ይሄኛው ባለ ጥቁር ካባው ጎረቤታችሁ አይደለም። ይሄኛው አንድን አገር ወክሎ፣ ዳኛው አስቀድሞ በወሰነበት ችሎት፣ ዓመታት ሙሉ የቆመ ሰው ነው። ስሙ ሎሬንሶ ታእዛዝ ይባላል። «እና ይሄ ከቦንጋ ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ቆይ ብቻ፣ ጎጀብ ድረስ አብራችሁኝ ውረዱ።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትመጡ ጎጀብን ሳትሻገሩ ካፋ አትገቡም። ብዙ መንገደኛ እዚያ ሲደርስ የሚያወራው ስለ ቆላው ሙቀትና ቦንጋ ለመድረስ ስለሚቀረው ሰዓት ነው። ወንዙ ግን ሁለት ትልልቅ ሽንፈቶችን ያየ ወንዝ ነው። የመጀመሪያው በ1889 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነው ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወራት የፈጀ ዘመቻ አድርጎ የመጨረሻውን የካፋ ንጉሥ፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን፣ ማረከ። የእኛ አገር ሽማግሌዎች ንጉሡ ታስረው ጎጀብን ሲሻገሩ ቀለበታቸውን አውልቀው ወንዙ ውስጥ እንደጣሉ ይተርካሉ። ከዚያ ወዲያ ካፋ ንጉሥ አልነበረውም።

ሁለተኛው ሽንፈት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የሆነው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ እንደራሴ ሆነው የቀሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፣ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ወጣቶችን ይዘው በምዕራብ ሲዋጉ ቆይተው፣ በጎጀብ ዳርቻ በጣሊያን ጦር ተከበቡ። እጃቸውን ሰጡ። አብረዋቸው ከተማረኩት አንዱ በኋላ ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉት ሐዲስ አለማየሁ ናቸው። ራስ እምሩም ሐዲስም ወደ ጣሊያን ደሴቶች ተጋዙ።

አንድ ወንዝ፣ ሁለት ሽንፈት፣ በመካከላቸው አርባ ዓመት የማይሞላ ጊዜ። ልዩነታቸው ምን መሰላችሁ? ሁለተኛው ሽንፈት ጠበቃ ነበረው። አንደኛው ዋስም ጠበቃም አልነበረውም። የዛሬው ነገሬ ይሄው ነው። ስለ ሁለተኛው ሽንፈት ጠበቃ አውርቼ፣ መጨረሻ ላይ ግን ስለ አንደኛው ሽንፈት እና ስለ ራሳችን እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ሎሬንሶን ላስተዋውቃችሁ። (አንቱ የማልለው ስላላከበርኩት አይደለም። ጄኔቫ ላይ ሲከራከር ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። የእናንተ ታላቅ ወንድም ማለት ነው።) የተወለደው በ1892 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው አካለ ጉዛይ፣ ኤርትራ። ኤርትራ ያኔ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነበረች። ቅኝ ገዢው ለአገሬው ልጅ የፈቀደው ትምህርት ጥቂት ዓመት የማይዘልቅ፣ ከአስተርጓሚነትና ከጸሐፊነት የማያሳልፍ ነበር። በቃ፣ ያንተ ጣሪያ ይህ ነው፣ ከዚህ በላይ ቀና እንዳትል ዓይነት ነገር። ሎሬንሶ ግን ጣሪያው አልበቃውም። ከቅኝ ግዛቱ ወጣ፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኘ፤ እርሳቸውም ወደ ፈረንሳይ ላኩት። ሞንፔሊዬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ አጠና። በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

አስቡት እስቲ። የጣሊያን ጸሐፊ ሆኖ፣ ደመወዙን እየቆጠረ፣ ዕድሜውን መጨረስ ይችል ነበር። ማንም አይወቅሰውም። እሱ ግን ሕግ ተምሮ መጣና ዕድሜውን ሙሉ ከዚያው ከጣሊያን ጋር ተሟገተ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ወልወል ነበር። ኢትዮጵያና እንግሊዝ በኦጋዴንና በእንግሊዝ ሶማሌላንድ መካከል ያለውን ድንበር የሚያካልል የጋራ ኮሚሽን አቁመው ነበር። ሎሬንሶ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር ነበር። ኮሚሽኑ በኅዳር 1927 ዓ.ም. ወልወል የውኃ ጉድጓዶች ጋ ሲደርስ የጣሊያን ወታደር ሰፍሮ አገኘ። ቦታው ከጠረፍ በጣም ወደ ውስጥ የገባ ነው። ፍጥጫው ቀጠለና ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። ብዙ ሰው ሞተ። ጣሊያንም «ተነካሁ!» ብላ ይቅርታና ካሣ ጠየቀች። በቅሎ ሰርቆ ኮርቻም ይመለስልኝ እንደማለት።

ኢትዮጵያ ምን አደረገች? ነገሩ በግልግል ዳኝነት ይታይልኝ አለች። የመንግሥታት ማኅበር አባል ነኝ፣ ሕግ አለኝ አለች። የግልግል ኮሚሽኑ ወራት ፈጀና በነሐሴ 1927 መጨረሻ ላይ ለወልወል ግጭት ሁለቱንም ወገን ጥፋተኛ አላልኩም ብሎ ወሰነ። የቦታው ባለቤት ማን ነው የሚለው ዋና ጥያቄ ግን እንዳይነሳ ተደርጎ ነበር። ቤቴ ገብተህ ደበደብከኝ ብለህ ስትከስ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ አይነሳ፣ ስለ ዱላው ብቻ እናውራ እንደማለት ነው። በወሩ ጣሊያን መረብን ተሻግራ ወረረች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መርዝ ጋዝ፣ ማይጨው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስደት፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተደረገው ንግግር፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨት። የማታውቁት ምናልባት ከንግግሩ ማግስት የመጣውን አሰልቺ ሥራ ነው። ንግግር የአንድ ቀን ነው። ጭብጨባውም ፉጨቱም ያልፋል። የጠበቃ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ደብዳቤ መጻፍ፣ ማመልከቻ ማስገባት፣ በየኮሪደሩ መቆም፣ ሰላምታ የማይመልስልህን አምባሳደር ነገም ሰላም ማለት። ሎሬንሶ በስደቱ ዓመታት በጄኔቫ የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ ሆኖ ይሠራ የነበረው ይህንን ነው።

ይሄ ሥራ ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማወቅ የአንድ ፈረንሳዊ ታሪክ ልንገራችሁ። ጋስተን ዤዝ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበሩ። ለኢትዮጵያ ስለተከራከሩ ብቻ በ1928 ዓ.ም. ቀኝ አክራሪ ተማሪዎች ክፍል ገብተው እንዳያስተምሩ አድመውባቸዋል። ልብ በሉ፣ ያደሙት የሕግ ተማሪዎች ናቸው! የሕግ ተማሪ፣ መምህሩ ለተበዳይ ጠበቃ ቆመ ብሎ ሲያድም። እንዲህም ያለ ነገር በዓለም ላይ ሆኗል።

አሁን ወደ ጎጀብ እንመለስ። በመስከረም 1929 ዓ.ም. የማኅበሩ ጉባኤ ሲከፈት አንድ ጥያቄ ተነሳ፦ ኢትዮጵያ የምትባል አገር አለች ወይ? የመልእክተኞቿ የውክልና ወረቀት ይጸናል ወይስ አይጸናም? ዋና ከተማው ተይዟል፣ ንጉሡ ስደት ናቸው፣ እንግዲህ ማንን ነው የምትወክሉት ተባለ። ያኔ በኢትዮጵያ እጅ ከነበሩት ማስረጃዎች ትልቁ ምዕራቡ ነበር። ጎሬ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት አለ፣ ራስ እምሩ አሉ፣ ያልተያዘ ግዛት አለ የሚል። ከብዙ ክርክር በኋላ ጉባኤው ወረቀቱን ለዚያ ስብሰባ ተቀበለ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ያ ማስረጃ ጎጀብ ዳር ተማረከ።

ለዚህ ነው ጎጀብን ስሻገር ውኃውን ዝም ብዬ የማላልፈው። በፍርድ ቤት ቋንቋ፣ የኢትዮጵያ ዋና ምስክር የተያዘው እኛ ደጅ ላይ ነው። እዚያ የተማረኩት የጥቁር አንበሳ ልጆችም ቢሆኑ ጠመንጃ ብቻ የያዙ አልነበሩም። ጫካ ውስጥ ሆነው አሥር ነጥብ ያለው የማኅበር ሕግ ጽፈው ነበር። ፖለቲካዊው አመራር ከወታደራዊው በላይ ነው፣ ገበሬ አይበደል፣ ምርኮኛ አይንገላታ የሚል ሕግ። እየተሸሸ፣ እየተራበ፣ ሕግ የሚጻፍበት ጊዜ። ዛሬ ጠግበን ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን የማናከብረውን!

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያኮራውን ነው። አሁን የሚጎረብጠውን ልንገራችሁ፤ ከቦንጋ ሆኖ ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሊዘለው የማይችለውን።

ጣሊያን በነሐሴ 1927 መጨረሻ ለመንግሥታት ማኅበር አንድ ረጅም የክስ ሰነድ አቅርባ ነበር። ሰነዱ ምን ይላል? ኢትዮጵያ የሠለጠነ መንግሥት አይደለችም፤ ባርነት አለባት፤ በደቡብ ያሉ ሕዝቦችን በጦር ይዛ እየጨቆነች ነው፤ ስለዚህ የማኅበሩ አባል መሆን አይገባትም። እህ! ስለ ማን ነው የሚወራው? ስለ እኛ ነዋ። በ1889 በኃይል ከተያዙት፣ ከዚያም በባሪያ ንግድ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች ካፋ ዋናዋ ናት። ከዘመቻው በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ሰው እያለቀና እየተሸጠ፣ እርሻ ወደ ጫካ ሲመለስ፣ የተጓዙ ፈረንጆች አይተው ጽፈዋል። ይህ የጠላት ወሬ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው።

እንግዲህ የሎሬንሶን ቦታ አስቡት። ደንበኛህ ተበድሏል፤ መበደሉ የፀሐይን ያህል ግልጽ ነው። ነገር ግን ደንበኛህ ራሱ የበደለው ሰው አለ። የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ደግሞ ያንን እያነሳ ነው። ምን ትላለህ?

ሕግ የሚለው መልስ አለ፣ ጥሩ መልስም ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ስትገባ የባርነት ጉዳይ ተነስቶ፣ ቃል ገብታ፣ ተፈርሞ ነው የገባችው። በዚያው ዓመት ባሪያ ነጻ የሚወጣበት አዋጅ ወጥቷል፤ በ1923ም ሌላ ተጨምሯል። አዋጁ ሥራ ላይ መዋሉ ዘገምተኛ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ግን የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 10 የአባል አገር ግዛት አይደፈር ሲል «ጥሩ ጠባይ ካለው» የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። ሌባ ቤቴ ገባ ብዬ ስጮህ፣ አንተም ሚስትህን ትደበድባለህ ተብሎ ሌባው አይመረቅም። ሚስቴን ስለ መደብደቤ ልከሰስ፣ ይገባኛል። ቤቴ ግን የሌባው አይሆንም። ደግሞም ጣሊያን ስለ ካፋ ሰው እያለቀሰች አልነበረም። የካፋን ቡናና መሬት ለራሷ ፈልጋ ነው። ሊቢያ ላይ ሕዝብ በካምፕ አጉራ የጨረሰች አገር ስለ ነጻ ሰው ልታስተምር አትችልም።

ስለዚህ ሎሬንሶ የቆመለት ነገር ትክክል ነበር እላለሁ። ከቦንጋ ሆኜ እላለሁ። ሕግ ለጥሩ ሰው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሕግ ሳይሆን ሽልማት ነው።

ግን ደግሞ ሌላውን ግማሽ ካላልኩ ክርክሬ ውሸት ይሆናል። ጠበቃ በአገር ስም «እኛ ሕግ አክባሪ ነን፣ ፍትሕ ይገባናል» ብሎ ሲከራከር ዕዳ ይፈርማል። ጄኔቫ ላይ የተጠየቀው ፍትሕ ነገ ቤት ውስጥ መከፈል አለበት። በጋኪ ሸሮቾ ጊዜ ካፋ የሚጮህበት ጄኔቫ አልነበረም። የመንግሥታት ማኅበር አልነበረም፣ አንቀጽ 10 አልነበረም፣ ሞንፔሊዬ የተማረ ጠበቃም አልነበረውም። የንጉሡ ዘውድ እንኳ ወጥቶ ስዊዘርላንድ ገብቶ፣ ወደ አገር የተመለሰው በ1940ዎቹ ነው። ዘውዱ ተመለሰ፤ ክርክሩ ግን ገና አልተሰማም። ይህን ስል የዛሬውን ሰው ለአያቱ ጥፋት ክሰሱልኝ ማለቴ አይደለም። ኢትዮጵያ ተበደለች ስንል ድምፃችን ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ ኢትዮጵያ በደለች ሲባልም ጆሯችን አይደፈን ነው የምለው። ሁለቱንም የማይሰማ ሰው ጄኔቫን መጥቀስ አይችልም።

የሎሬንሶን ታሪክ ልጨርስላችሁ። ግንቦት 4 ቀን 1930 ዓ.ም. የማኅበሩ ምክር ቤት ተሰበሰበ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ጣሊያንን ለማባበል ፈልገው፣ እያንዳንዱ አገር የጣሊያንን ይዞታ እንደፈለገ ይወቅ የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጄኔቫ ተገኙ፤ ታምመው ስለነበር ግን ንግግራቸውን የሚያነብ ሌላ ሰው አስፈለገ። ያነበበው ሎሬንሶ ነበር። ከምክር ቤቱ አባላት ኢትዮጵያን ደግፈው የተናገሩት አራት አገሮች ናቸው፤ ቻይና፣ ሶቭየት ኅብረት፣ ቦሊቪያ እና ኒውዚላንድ። አራት! የቀሩት ወይ አጉረመረሙ ወይ አጎነበሱ።

ሕግ በፖለቲካ ሲጠመዘዝ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ የለንደኑን ጉዳይ ስሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሊከፍል የሚገባው ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ገንዘብ አለ ብለው ከሰሱት። በ1930 ዓ.ም. ክረምት የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ምክንያቱም እንግሊዝ ያኔ ጣሊያንን በሕግ ደረጃ የኢትዮጵያ ገዢ ብላ ገና አልተቀበለችም ነበር። ኩባንያው ይግባኝ አለ። በመሃል፣ በኅዳር 1931፣ የእንግሊዝ መንግሥት ለጣሊያን ሙሉ ዕውቅና ሰጠ። የይግባኙ ፍርድ ቤትም እንግዲያው ገንዘቡ የሚጠየቀው በጣሊያን ንጉሥ ነው ብሎ ፍርዱን ሻረ። ያው ሰነድ፣ ያው ውል፣ ያው ዕዳ። የተለወጠው የአንድ ሚኒስትር ፊርማ ብቻ ነው። ስደተኛ ንጉሥ የቤት ኪራይ በሚቸግራቸው ሰዓት!

በላ ልበልሃ ያደገ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ዳኝነት ምን ይለዋል? «ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ብለን ዝም እንል ነበር መሰለኝ። ሎሬንሶ ግን ዝም አላለም። ጄኔቫ ላይ ምስክር ካጣህ ምስክሩን ራስህ ሄደህ አምጣ ያለ ይመስላል። በ1931 ዓ.ም. ገደማ በሱዳን በኩል በምስጢር ገብቶ በጎጃምና በቤጌምድር ያሉትን አርበኞች አየ፤ ምን እንዳላቸውና ምን እንደሚጎድላቸው ይዞ ተመለሰ። ኤርትራ የተወለደ፣ ጣሊያን ቢይዘው የአገር ክህደት ብሎ ከመስቀል የማይመለስበት ሰው፣ ራሱን ለውጦ እዚያ ገባ። ለአገር ሽንጡን ገትሮ የተሟገተ ይባላል እንጂ፣ እግሩንም አድርቆ የተሟገተ እሱ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ የመጀመሪያው ካቢኔ ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። እዚህም ክርክሩ አላለቀም። እንግሊዞች ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም አገሪቱ ከጠላት የተያዘ ግዛት ናት በሚል ስሌት ሊያስተዳድሯት ፈልገው ነበር። ነጻ ያወጣህ ሰው ቁልፉን ኪሱ ሲከት! በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት ቢያውቅም ለእንግሊዝ ብዙ መብት የተወ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር አዋጅ ወጣ። አያችሁ? ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ዕዳ ቢያንስ በከፊል፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ በወረቀት ተከፈለ።

ሎሬንሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ብዙ አልቆየም። ወደ ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን ሚኒስትርነት፣ ከዚያም መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሞስኮ ተላከ። ቤተ መንግሥት ሰው ሲርቅ የሚርቅበት መንገድ ይታወቃል። በ1938 ዓ.ም. ስቶክሆልም ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 46 ገደማ ነበር። የተወለደባት ኤርትራ የወደፊት ዕጣ ገና እየተከራከረ ነበር።

አሁን የእናንተን ሙግት ልስማ።

አንደኛው፦ «ሰውየው የንጉሥ ሎሌ ነበር። ለሕዝብ ሳይሆን ለዘውድ ነው የተከራከረው።» እውነት አለበት። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ሁሉ ለንጉሠ ነገሥቱ የሰጠ ነው፤ ሎሬንሶም የዚያ ሥርዓት ሰው ነበር። ነገር ግን ጄኔቫ ላይ ያለው ጥያቄ ማን ይንገሥ የሚል አልነበረም። ትንሽ አገር በትልቅ አገር ቢዋጥ ሕግ አለ ወይ የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ የዘውድ አይደለም። የጋኪ ሸሮቾም ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው፦ «ኤርትራዊ ነው፤ የኛ ነው ወይስ የእነሱ?» ይሄ ጥያቄ በእኛ ዘመን ከማንኛውም በላይ ይደክመኛል። ሰው ሲሞትም መታወቂያው ላይ ያለው ብሔር ይታይለት እንዴ? ሎሬንሶ የማን እንደሆነ በሥራው ነግሮናል። በቦንጋም፣ በአስመራም፣ በአዲስ አበባም ያለ ወጣት የእኔ ነው ቢል አያልቅበትም።

ሦስተኛው፣ በጣም የከበደው፦ «ምን ፋይዳ አመጣ? ነጻ ያወጣን ጠመንጃ ነው እንጂ ማመልከቻ አይደለም።» እሺ፣ ጠመንጃው ባይኖር ማመልከቻው ብቻውን ጣሊያንን አያስወጣም ነበር። ግን ተገልብጦም ይታይ። አምስት ዓመት ሙሉ «ኢትዮጵያ አለች» የሚል ሰው ጄኔቫና ለንደን ውስጥ ባይቆም፣ በ1933 እንግሊዝ ስትመጣ የምታገኘው ባለቤት የሌለው የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነበር። እንደ ሶማሊያ፣ እንደ ሊቢያ። ጠመንጃ ቤቱን ያስለቅቃል፤ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው ግን ወረቀቱ ነው። ለዚህ ነው የተሸነፈ ክርክር ሁሉ የጠፋ ክርክር አይደለም የምለው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቷል። አራት ዋና ከተሞች አሉት፤ ቦንጋ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ናት። ጎጀብን ታስረው ከተሻገሩት ንጉሥ በኋላ፣ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሥልጣን ወደዚህች ከተማ ተመለሰ ብሎ የተደሰተ ብዙ ነው። እኔም ደስ ብሎኛል። ቢሮ ተከፈተ፣ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ መኪናው በዛ። ወጣቱም ሕግና አስተዳደር መማር ፈለገ። ለምን ትማራለህ ስትሉት ግን መልሱ «ቢሮ ለመግባት» ነው። ቢሮ መግባት ነውር የለውም። ጥያቄው ቢሮ ከገባህ በኋላ ለማን ትቆማለህ የሚለው ነው።

እስቲ ሳንሸሽ እንነጋገር። በመካከላችን ማንጆ የምንላቸው ሰዎች አሉ። በጥንቱ የካፋ መንግሥት የአገሩን በር የሚጠብቁት እነሱ ነበሩ። ጠላት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የእነሱን ፊት ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ ግን አብሮ መብላት፣ መጋባት፣ እኩል መቀመጥ አልተፈቀደላቸውም። ዛሬም ገበያ ላይ ከሰልና እንጨታቸውን ገዝተን፣ ቤታችን ለመግባት ሲመጡ ደጃፍ ላይ የምናቆማቸው አለን። «ድሮ ቀረ» የሚል ካለ፣ ልጁን ለማንጆ ልጅ ሊድር ፈቃደኛ መሆኑን ራሱን ይጠይቅ። ወድቀን ተነሳን የምንለው እኛ፣ ጠበቃ አጣን ብለን የምናለቅሰው እኛ፣ በገዛ ደጃችን ጠበቃ ያጣ ሰው አቁመናል።

ጣሊያን ጄኔቫ ላይ ኢትዮጵያን የከሰሰችበትን ሰነድ አስታውሱ። ነገ ደግሞ አንድ ሰው ስለ ካፋ መብት ስንናገር ተነስቶ «እናንተስ ማንጆን?» ቢለን ምን እንላለን? ኢትዮጵያ ያኔ የነበራት መልስ አለን፦ የእኛ ጥፋት የሌላውን በደል ትክክል አያደርግም። ትክክለኛ መልስ ነው። ግን መልሱን ከሰጠን በኋላ ዕዳውን መክፈል አለብን። ኢትዮጵያ የባርነትን አዋጅ እስክታጠናቅቅ ከ1916 እስከ 1934 ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቶባታል። እኛ አዋጅ አያስፈልገንም። ሕገ መንግሥቱ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ካለ ቆይቷል። የሚያስፈልገን አንድ ስኒ ቡና አብሮ መጠጣት፣ አንድ ማኅበር ውስጥ አብሮ መግባት፣ አንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ «እሱስ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። በተለይ የሕግ ተማሪ ሆይ፣ የመጀመሪያ ደንበኛህ ከዚህ ይምጣ። ዝምድና የሌለህ፣ ድምፅ የማይሰጥህ፣ ክፍያ የማይከፍልህ ሰው። ሎሬንሶን የሚያስመስልህ እሱ ነው እንጂ ከረባቱ አይደለም።

ቦንጋ ውስጥ የጋኪ ሸሮቾን ስም መጥራት ቀላል ነው፤ ሁላችንም እንጠራዋለን። ስማቸው የሚከበረው ግን በዚያ ዘመን እሳቸው ያጡትን ነገር፣ ማለትም ለተሸነፈ ሰው የሚቆም ጠበቃ፣ በእኛ ከተማ ማንም እንዳያጣው ስናደርግ ነው። የማትስማሙ ካላችሁ ተሟገቱኝ፤ በላ ልበልሃ ነው!